የመቅጃ ፈቃድ

እህቴን «ሱቁ የማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቋት «የአባቴ ነው» ትላችኋለች። አባታችን ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። የስም ዝውውሩ አልቋል፣ ማኅተም ተመቶበታል፣ ግብሩን የምትከፍለው እሷ፣ ጣሪያው ሲያፈስ መሰላል ላይ የምትወጣው እሷ። ወረቀቱ ተዛውሯል፣ አፏ ግን አልተዛወረም። ይሄ ነገር እኔን ያበግነኛል።

«እትዬ፣ የኔ ነው ብትይ ምላስሽ ይቆረጣል?» እላታለሁ።

«ዝም ብለሽ ስልኩን አንሺ» ትለኛለች።

በኛ ቤት ስልክ የማነሳው፣ ደብዳቤ የምጽፈው፣ ደንበኛ የምቀበለው፣ ካስፈለገም ከደንበኛ ጋር የምናቆረው እኔ ነኝ። እትዬ ወሬዋ ከሽቦ ጋር ነው። ሰፈሩ «ወይዘሮ ሽቦ» ይላታል፤ ሰምታ አትቆጣም፣ እንዲያውም ደስ ሳይላት አይቀርም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሯን ትስባለች፣ መነጽሯን ትሰካለች፣ መበየጃዋን ታግላለች፣ ከዚያ በኋላ ሰማይ ቢደፋ ቀና አትልም። ሰው ሲበዛባት ቃል ይጠፋታል። ለአንድ ሰው ሦስት ቃል፣ ለሁለት ሰው አንድ ቃል፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው እኔን ትልካለች።

ሞት ይርሳኝ፣ የምንሠራውን ሳልነግራችሁ! አባታችን ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር። የሚሠራው መቅጃ ነው፤ ውሃ ከበርሜል የሚቀዳበት፣ እጀታው የተጠማዘዘ፣ አፉ ወጣ ያለ የቆርቆሮ መቅጃ። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የንግድ ፈቃድ ዛሬም «የሥራው ዓይነት፦ መቅጃ ማምረት» ይላል። ፕላስቲክ መጣና ሥራው ቀዘቀዘ። ቀጥሎ ዓይኑ ከዳው። እሱ ግን ሱቁን አልለቅም አለ። ልኬቱን፣ ቀጠሮውን፣ የደንበኛውን ስም የሚይዝበት ነገር ስላጣ ሲበሳጭ ይውላል። እትዬ ያኔ የራዲዮ ጥገና ተምራ ጨርሳ ነበርና ከተጣለ ስልክና ከተጣለ ራዲዮ መዳፍ የምታህል ሳጥን ሠራችለት። ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያላት። አንደኛው ላይ በጣት የሚገኝ እብጠት አለ፤ እሱን ሲጫኑት ድምፅ ትቀዳለች። ሌላው ልሙጥ ነው፤ እሱ ሲነካ የቀዳችውን ታሰማለች። አባታችን ቀኑን ሙሉ ሲያወራላት ይውላል፤ ግማሹ የክዳን ልኬት ነው፣ ግማሹ እኔን መስደብ።

ሰፈራችን ውስጥ ዓይነ ስውራን ጎልማሶችን የሚያስተምሩ፣ ራሳቸውም የማያዩ መምህር አሉ። ጋሼ መምህር ነው የምንላቸው። ሳጥኗን ሰሙና «ለኔም» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ «ለተማሪዎቼም» አሉ። ግን አንዱ ትምህርት ለሠላሳ ስምንት ሰው እንዴት ይድረስ? እትዬ ከሳጥኗ ጎን አንዲት መሰኪያ ጨመረች። ሁለት ሳጥን በአጭር ገመድ ታገናኛላችሁ፣ ልሙጦቹን ቁልፎች አንድ ላይ ትጫናላችሁ፣ የአንድ ሰዓት ትምህርት በሁለት ደቂቃ ይሻገርና «ጢጥ» ይላል። በቃ። ያበላችን ያቺ «ጢጥ» ናት። ሳጥኗ ከሌላ መሣሪያ ጋር አትገናኝም፤ ከእህቷ ጋር ብቻ። በዓመት አራት መቶ ያህል እንሠራለን፤ እትዬ፣ ሁለት ገጣጣሚ ሴቶች፣ እኔ ነገረኛዋ።

በዚያን ጊዜ «ፈቃዱን እንቀይረው፣ እኛ እኮ ቆርቆሮ መሥራት ትተናል» ብያት ነበር። ፈቃዱን ቀና ብላ አየችው። «መቅጃ ይላል። ውሃም ይቀዳል፣ ድምፅም ይቀዳል። ምኑ ነው ውሸቱ?» አለችኝ። እኔም የቢሮውን ወረፋ አስቤ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ በኋላ የሚያመጣውን ጉድ ማን አወቀ!

ጉዱ አዋጅ ሆኖ መጣ። የቅጂ ጥበቃ አዋጅ። መቅዳት የሚችል መሣሪያ ሁሉ «ዘብ» የተባለ ቺፕ ይገጠምበት፣ ከስድስት ወር በኋላ ዘብ የሌለው ዕቃ አይሸጥም ይላል። የተፈቀደ ሥራ ሁሉ የማይሰማ ምልክት ውስጡ ይደረግበታል፤ ዘቡ ምልክቱን ካገኘ ያሻግራል፣ ካጣ አላሻግርም ይላል። ሀሳቡን አልጠላሁትም። ዘፋኙም ፊልም ሠሪውም ላቡን እየተዘረፈ ነው፣ ስለነሱ እኔም አንጀቴ ያራል። ግን ጋሼ መምህር በጠዋት ተነስተው ስለ ዝናብ አፈጣጠር ሲያስተምሩ ድምፃቸው ላይ ማን ነው ምልክት የሚያደርግላቸው? ዘቡ ምልክት የሌለውን ድምፅ ሁሉ የሰው ንብረት ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

ለማንኛውም ብዬ ዘቡን ለሚሠራው ኩባንያ ጻፍኩ። ኩባንያው አንድ ብቻ ነው፣ ሌላ የለም። መልሱ በሦስት ቀን መጣ፤ ከአሥር ሺህ ፍሬ በታች አንሸጥም። አሥር ሺህ! በኛ አሠራር ሃያ አምስት ዓመት ይበቃናል። በዚያ ላይ ሳጥኗን ከፍተን የውስጥ ሽቦዋን እንደ አዲስ ማዘጋጀት አለብን፣ ከዚያ ወደ ፍተሻ ጣቢያቸው እንልካለን፣ ወረፋው ደግሞ ስምንት ወር ነው። ቀነ ገደቡ ስድስት፣ ወረፋው ስምንት። ደብዳቤውን ለእትዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መበየጃዋን አስቀመጠች፣ አነሳች፣ ሥራዋን ቀጠለች።

ዕቃ የምናስረክባቸው ሱቆች ቀነ ገደቡን እንኳን አልጠበቁም። «ኋላ እጃችን ላይ ይቀራል» እያሉ ሳጥኖቹን በካርቶን መለሱልን። አንድ ትምህርት ቤት መቶ ሃያ አዝዞ ነበር፤ «ጉዳዩ እስኪጣራ» አለና ተወው። የሳጥኗን ቅርፊት የሚያወጣልን ሰውዬ ደውሎ «እህቴ፣ ማሽኑን ለሌላ ሥራ ላዙረው?» አለኝ። ካርቶኖቹ ከወለል እስከ መስኮት ተደረደሩ። ገጣጣሚዎቹ እየተያዩ መሥራት ጀመሩ። አንደኛዋ መንታ ልጆች አሏት። እትዬ አንድ ቀን ካልተጠየቀችበት ተነስታ «እስከ መጨረሻዋ ቀን ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም» አለችና ተቀመጠች። ያን ሳምንት ሌላ ረጅም ንግግር ከአፏ አልወጣም።

በዚህ መሀል አስመጪው መጣ። ዘብ ያለው መቅጃ ከውጭ የሚያስገባ ድርጅት ወኪል ነው፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ። «መሥራቱን ተዉትና የኛን ሽጡ፣ የኛን ጠግኑ። ስማችሁ አለ፣ ደንበኛ አላችሁ» አለና ሁለት የሚያብረቀርቁ መቅጃዎች ለናሙና ትቶልን ሄደ።

እውነቱን ልናገር። ደስ አለኝ። ፈርቼ ነበራ! ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም፣ የመንታዎቹ እናት ዓይን ነበር የሚታየኝ። «እትዬ፣ ተገላገልን እኮ» አልኳት።

«ጠግነን እንኑር ነው የምትዪኝ?»

«በልተን እንኑር ነው የምልሽ!»

«አባቴ በዚህ ሱቅ ሰው የሠራውን ሲጠግን አላየሁም» አለችኝ።

«ሱቁ የአባቴ ነው እያልሽ ነው እኮ እንዲህ የምትሆኚው!» ብዬ ጮህኩባት። ገጣጣሚዎቹ አንገታቸውን ቀበሩ። እኔ ደሜ እንደፈላ የሚያብረቀርቁትን መቅጃዎች አነሳሁና ለጋሼ መምህር ላሳይ ወጣሁ። ጥሩ ነው ካሉኝ እሷን ማሳመኛ ይሆነኛል ብዬ ነበር።

ጋሼ መምህር አንዱን በእጃቸው ዳበሱት። «ለስላሳ ነው። ቁልፉን በምን አገኛለሁ?» አሉ። ጣታቸውን ይዤ አሳየኋቸው። ተማሪዎቹ ሳይመጡ የዝናቡን ትምህርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀዱ፤ አርባ ደቂቃ ያለ ዕረፍት። ተማሪዎቹ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ወደ ሁለተኛው መቅጃ ላሻግር ስል አንዲት ሴት ከመቅጃው ውስጥ በጨዋ ድምፅ «የይዘቱን ባለቤት ያስፈቅዱ» አለች።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» አሏት ጋሼ መምህር።

«የይዘቱን ባለቤት ያስፈቅዱ።»

«ፈቅጃለሁ እኮ ልጄ!»

«የይዘቱን ባለቤት ያስፈቅዱ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ጋሼ መምህር ግን አልሳቁም። መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡና «በገዛ ቃሌ ላይ ባለቤት ሾሙብኝ?» አሉ። ያን ቀን ሠላሳ ስምንት ሰው አንዱን መቅጃ በተራ እየተቀባበለ ጆሮው ላይ ለጠፈ። አምስተኛው ሰው ጋ ሳይደርስ የትምህርት ሰዓቱ አለቀ።

ተመልሼ መቅጃዎቹን እትዬ ፊት አስቀመጥኳቸው። የሆነውን ነገርኳት። ወረቀት ስባ አንድ ነገር ጻፈችና ከመብራቷ ግንድ ላይ ለጠፈችው። ጠጋ ብዬ ሳየው «ባለቤቱን ማን ይጠይቀው?» ይላል። ወረቀቱ እዚያ ሦስት ሳምንት ሰነበተ። እኔም የአስመጪውን ስልክ ቁጥር ከዴስኬ ላይ ቀደድኩት።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። «ለመቅጃ አምራቾች በሙሉ» ይላል። የአዋጁ ማስፈጸሚያ መመሪያ ሳይጸድቅ በፊት አስተያየት እንድንሰጥ ለስብሰባ ተጠርተናል። ተንገበገብኩ እንጂ አልተኛሁም፤ አምስት ገጽ ንግግር አዘጋጀሁ። ጠዋት ልብሴን ተኩሼ፣ እትዬን ከወንበሯ ነቅዬ፣ ሁለት ሳጥን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድን።

አዳራሹ ሞቆ ነበር። ከፊት ያሉት ወንበሮች የአስመጪዎቹ ናቸው፤ ጠበቃ ሁሉ ይዘው መጥተዋል። እኛ ከኋላ ተቀመጥን። ከጎናችን አንድ ሽበታም ሰውዬ ትልቅ ፌስታል ታቅፈው ተቀምጠዋል። ወደ እትዬ ዘንበል ብለው «ልጄ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ዘብ የሚሉት የሚገጠመው ከእጀታው ነው ከአፉ?» አሏት።

«ከምኑ እጀታ?» አለች እትዬ።

ፌስታሉን ከፈቱ። ጆግ! አረንጓዴ የፕላስቲክ ጆግ። ኧረ በሕግ አምላክ! የጆግ ፋብሪካ አላቸው፤ ፈቃዳቸው «የውሃ መቅጃ ማምረት» ይላል። የቢሮው ሰው መዝገብ ገልጦ «መቅጃ» የሚል ቃል ያየበት ሁሉ ጋ ደብዳቤውን ልኮታል። እኔ ጋም የደረሰኝ በአባቴ ቆርቆሮ ነው ማለት ነው እንጂ በእትዬ ሳጥን አይደለም። በሳቅ ልሞት ደረስኩ፣ አፌን በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩት። እትዬ ግን አልሳቀችም። ከእጄ ደብዳቤውን ነጥቃ የትርጉሙን አንቀጽ ማንበብ ጀመረች። እንዲህ ይላል፦ መቅጃ ማለት አንድን ይዘት ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ የሚያሻግር ማንኛውም መሣሪያ ነው።

ከዚያ «አባባ፣ ያሳዩኝ እስቲ» ብላ ጆጉን ተቀበለቻቸው። ገለበጠችው። ቂጡ ላይ «ይዘት 2 ሊትር» ተብሎ ታትሟል። ጆጉን እንደያዘች ዓይኗ ፈዘዘ። ይሄን ፊት አውቀዋለሁ፤ የጠፋ ሽቦ ስታገኝ የምታመጣው ፊት ነው።

«አስተያየት ያለው?» አሉ ሰብሳቢዋ። ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ ያሰሩ ሴት ናቸው። አምስት ገጼን ይዤ ልነሳ ስል እትዬ ትከሻዬን ጫን አድርጋ አስቀመጠችኝ። እጇን አወጣች። እትዬ! ሁለት መቶ ሰው ፊት! እግዚኦ፣ አሁን ቃል ይጠፋታል ብዬ እኔ በሷ ፈንታ ላብ አጠመቀኝ።

ጆጉን ይዛ ወደ ፊት ሄደች። ሰብሳቢዋ ፊት ካለው የውሃ ጠርሙስ ጆጉ ውስጥ ገለበጠች፣ ከጆጉ ወደ ብርጭቆ ቀዳች። «ምን አደረግሁ?» አለች።

«ውሃ ቀዱ» አሉ ሰብሳቢዋ ግራ ገብቷቸው።

«ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ አሻገርኩ።» ጆጉን ገልብጣ ቂጡን አሳየቻቸው። «ይዘትም አለው። እኚህ አባት እንደ አዋጁ ዘብ ይግጠሙ?»

አዳራሹ ተንጫጫ። የአስመጪዎቹ ጠበቃ ብድግ አለ። «ክብርት ሰብሳቢ፣ ይሄ ቀልድ ነው! ሀሳቡ ግልጽ ነው።»

«ሱቄን የሚዘጋው ሀሳቡ አይደለም» አለች እትዬ። «ጽሑፉ ነው።»

«እንግዲያው 'በኤሌክትሪክ የሚሠራ' ይባልና ጆጉ ይውጣ!»

ይሄኔ ሽማግሌው ከኋላ ተነሱ። «ልጄ፣ እኔ እኮ በባትሪ የሚቀዳም አለኝ» አሉና ከፌስታላቸው ውሃ የያዘ፣ የተከደነ ሌላ ጆግ አወጡ። ቁልፉን ሲጫኑት ዙዝዝ ብሎ ውሃውን ፊት ለፊታቸው የነበረው ሰውዬ ጫማ ላይ ቀዳው። ሰብሳቢዋ ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። ጠበቃው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ብስጭቱ አናቱ ላይ ወጥቶ እንዲህ አለ፤ ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ፣ ሳጥኗ ቦርሳዬ ውስጥ እየቀዳች ነበር፦ «ጆጉን ከዘፈን ጋር ምን አገናኘው? ሰውየው የሚቀዳው የገዛ ውሃውን ነው! የገዛ ራሱን የሚቀዳ ሰው የማንን መብት ነካ?»

እትዬ ወደ ሰብሳቢዋ ዞረች። «ይጻፍልኝ» አለች።

«ምኑ?»

«እሳቸው ያሉት። የገዛ ራሱን የሚቀዳ የማንንም መብት አልነካም።» ከዚያ ወደኔ እጇን ዘረጋች፤ ከኋላ ሮጬ ሄጄ ሳጥኗን አቀበልኳት። «ይህቺ የምታሻግረው በጆሮዋ የሰማችውን ብቻ ነው። የሚቀዱባት መምህር ናቸው። የሚቀዱት የገዛ ቃላቸውን ነው።»

ጠበቃው ሞኝ አይደለም፤ ቶሎ ነቃ። «ሬዲዮ አጠገብ ብትቀመጥስ? የሰው ዘፈን ብትሰማስ?» አለ።

«በጆግስ የጎረቤት ውሃ ቢቀዳ?» አለች እትዬ። «የምትከሱት ጆጉን ነው ሰውየውን?»

ሰብሳቢዋ እስክሪብቶአቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ካሰቡ በኋላ «ጥያቄው ግን ጥያቄ ነው። ድምፁ የራሱ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አሉ።

እትዬ ሳጥኗን በእጇ ታገላብጥ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አለቀልን አልኩ። ከዚያ ያቺን የመብራት ግንድ ላይ የተለጠፈች ወረቀት የምታነብ ይመስል «ትጠይቀው» አለች። «ሳጥኗ ከማሻገሯ በፊት የማን ነው ብላ ትጠይቀው። በገዛ አፉ ይመልስ። መልሱ ቅጂው መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፣ የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል። ከዋሸ በራሱ ድምፅ ተይዟል።»

«እንዲህ የምታደርግ ሳጥን አለዎት?»

ወይ ጉድ! አለኝ ትላለች ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። «የለኝም» አለች። «በአሥራ አምስት ቀን ይኖረኛል።»

«በአሥራ አምስት ቀን ኮሚቴው ይሰበሰባል። ይዘው ይምጡ። ያኔ ከሌለ መመሪያው እንዳለ ይጸድቃል» አሉ ሰብሳቢዋ። ወጥተን ደረጃው ላይ ስትደርስ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሽማግሌው በጆጋቸው ውሃ አጠጧት።

አሥራ አምስቱን ቀን ምን ብዬ ልንገራችሁ። እትዬ ወገቧን ታጥቃ ገባችበት። ሳጥኗ ጮክ ብላ እንድትጠይቅ ትልቅ አፍ ያስፈልጋታል፤ ከተመለሱልን ሳጥኖች አፍ ነቅለን ደረብንላት። ድምፅ ያስፈልጋታል፤ የመንታዎቹ እናት ሞከረች፣ ድምፅዋ ሰው የሚያባብል ሆነ። እኔ ሞከርኩ። «እባክዎ ይህ ድምፅ የማን እንደሆነ ይግለጹልን» ብዬ አንደበቴን አሳምሬ ነበር፤ እትዬ ቆርጣ ቆርጣ «የማን ነው?» ብቻ አስቀረችው። ጋሼ መምህር ሲሰሙት «አንቺ ነገረኛ፣ እዚህም ውስጥ ገባሽ?» አሉና መልሱን ቀጥ ብለው ሰጡ። «እንዲህ ከተጠየቀ ሰው አይዋሽም» ብለው ስላደነቁ ድምፄ እዚያው ቀረ።

በአሥረኛው ቀን ጉድ ፈላ። ሳጥኗ ራሷ ጠይቃ ራሷ መመለስ ጀመረች። «የማን ነው?» ስትል የገዛ ጥያቄዋን በጆሮዋ ሰምታ እንደ መልስ ትቆጥረውና «ጢጥ» ብላ ታሻግራለች። እኔ ፀጉሬን ነጨሁ። እትዬ ሁለት ቀን ሙሉ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ በመጨረሻ አፏ ሲናገር ጆሮዋ እንዲደፈን አደረገች። ጥያቄው ካለቀ በኋላ ጆሮዋን ከፍታ ስምንት ሰከንድ ትጠብቃለች። መልስ ካልመጣ ትዘጋለች፣ አታሻግርም።

አንድ ነገር ግን ልብ ብያለሁ። ሳጥኗን ስትሞክር መልሱን የምታስመልሰው ገጣጣሚዎቹን ወይ እኔን ነው። እሷ አንድም ቀን አልመለሰችም። «አንቺስ?» ስላት «እኔ እሠራለሁ እንጂ አልቀዳም» አለችኝ።

የኮሚቴው ቀን ጠዋት ጋሼ መምህር ክራቫት አስረው መጡ፤ የሚሞክሩት እሳቸው እንደሆኑ ተነጋግረን ነበር። ሽማግሌውም «የጆጌ ጉዳይ ነው» ብለው መጡ። ጠረጴዛው ዙሪያ ሰባት ሰው ተቀምጧል፣ ጠበቃውም ጥግ ይዟል። ሁለቱን ሳጥኖች በገመዷ አገናኝተን አስቀመጥን። ጋሼ መምህር እጃቸውን ሲዘረጉ ጠበቃው «ይህ የተለማመደ ሰው ነው፣ ተመካክረዋል» አለ። ሰብሳቢዋ አሰቡና «እንግዲያውስ የሠሩት ራሳቸው ይሞክሩት» አሉ።

የእትዬ ፊት አመድ ሆነ። ምንም አላዘጋጀችም። ሳጥኗን አነሳች፣ እብጠቷን በአውራ ጣቷ ፈልጋ ተጫነች። «አባቴ መቅጃ ይሠራ ነበር» አለች። «እኔም መቅጃ እሠራለሁ።» ለቀቀችው። ልሙጦቹን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች። የኔ የነገረኛዋ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «የማን ነው?»

መቁጠር ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ምላሷ ላይ ያለውን ቃል እኔ አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ሦስት። «የአባቴ ነው» ካለች አበቃ፤ ባለቤቱን አስፈቅጂ ይሏታል፣ አባታችን ከየት መጥቶ ይፈርማል? አራት። አምስት። ጋሼ መምህር አንገታቸውን ወደሷ አዘነበሉ። ስድስት። ከንፈሯ ተላቀቀ፣ ተመልሶ ገጠመ። እትዬ፣ በይው! በሞቴ በይው! ሰባት።

«የኔ ነው» አለች።

ጢጥ።

ሰብሳቢዋ ሁለተኛዋን ሳጥን ሳቡና ልሙጧን ተጫኑ። «የማን ነው?» አልኩ ከውስጥ። «የኔ ነው» አለች እህቴ ከውስጥ። ቀጥሎም ስለ አባቷና ስለ ራሷ የተናገረችው ተሰማ። እንባዬ ጉንጬ ላይ ነበር፣ አላበስኩትም። ሰብሳቢዋ ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው «ጻፊ» አሉ፤ «የሰሙትን ድምፅ ብቻ የሚያሻግሩና ባለቤቱን በቃሉ የሚጠይቁ መቅጃዎች ዘብ እንዲገጥሙ አይገደዱም። የውሃ መቅጃ በዚህ ትርጉም አይጠቃለልም።» ሽማግሌው ጆጋቸውን አቅፈው አጨበጨቡ።

ውጭ ስንወጣ እትዬ መነጽሯን በቀሚሷ ጠርጋ መለሰችና ወደኔ ዞረች። «የሱቄን ስልክ ማን እያነሳው ነው?» አለችኝ።

«ሱቄ» አለች። መልስ ልሰጣት አፌን ከፈትኩ፣ ግን ያኔ እኔን ነበር ቃል የጠፋኝ።